እጅ የሚያውቅ መብራት

ሽማግሌው መታጠቢያ ቤት ገብተው ፊታቸውን እያደራረቁ ሳለ ትልቁ ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰሙት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጓል፤ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ግን ሹክሹክታ ከጩኸት ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። የሚያወራው ከእህቱ ጋር ነበር። «ለአንድ ቀን እኮ ነው» አላት። «አባዬ አንቺ ጋ ይዋል። ሰዎቹ ምሳ ሊበሉ ነው የሚመጡት፤ ያንን እጅ እያዩ እንዴት እህል ይወርድላቸዋል? ሥራ ቦታዬን ላሳይህ በዪው፣ ደስ ይለዋል።» የምትለውን አዳመጠና፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እንድትመልሳቸው ነግሯት ስልኩን ዘጋ።

ሽማግሌው ፎጣውን መልሰው ፊታቸው ላይ አደረጉና የልጃቸው የእግር ኮቴ ሳሎን እስኪደርስ ጠበቁ። ፎጣውን ሲያነሡ መስታወቱ ውስጥ የለመዱት ፊት ነበር፦ የቀኝ ጉንጫቸው ከጆሮ ግንዳቸው እስከ አገጫቸው ቀልጦ እንደረጋ ሰም ነው። ቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ጎድሎታል፤ የቀሩት ሦስቱ ወደ መዳፋቸው ታጥፈው ደርቀዋል። ያኔ ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉ መስመሮች ላይ ሠራተኛ ነበሩ። ረጅሙን የብረት ምሰሶ ሲወጡ ከፍጥነታቸው የተነሣ እጃቸውና እግራቸው ስለማይታይ ጓደኞቻቸው «መሰላል» ይሏቸው ነበር። አንድ ቀን መስመሩ ተዘግቷል ተብለው ወጡ፤ አልተዘጋም ነበር። ሽቦውን እንኳ አልነኩትም። ገና ክንድ ያህል ሲቀራቸው መብራቱ አየሩን ሰንጥቆ ዘሎ መጣባቸው። ሆስፒታል ከርመው ሲመለሱ ትልቁ ልጃቸው ገና ተማሪ ነበር፤ በር ላይ ቆሞ አያቸውና ወደ ጓዳ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ እጅ እቤት ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። ማንም አልከለከለም፤ ዝም ብሎ ሳይወራ ቀረ፤ ሳይወራ የቀረ ነገር ደግሞ ከዓመት ዓመት ለመጀመር እየከበደ ሄደ።

ሳሎኑ ለእንግዶቹ ተሰናድቷል። የሚመጡት የልጅ ልጃቸው እጮኛና ወላጆቹ ናቸው፤ ሁለቱ ቤተሰቦች በወጉ ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። የሶፋው ልብስ ተቀይሯል፣ መጋረጃው ታጥቦ እርጥበቱ ገና አልወጣለትም፣ ጠረጴዛው ላይ አዳዲስ ብርጭቆዎች ተገልብጠዋል። ምራታቸው የብርጭቆዎቹን ዋጋ ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ ተናግራዋለች፤ አንዴ በኩራት፣ አንዴ በጸጸት። አሁን የጠረጴዛ ልብሱን እየተኮሰች ነበር። ሽማግሌውን ስታይ ካውያውን አቁማ ደህና ኮታቸውን ከወንበር ላይ አነሣችና አለበሰቻቸው። እሱንም ተኩሳዋለች። «ከፍታ ቦታ ነው አሉ አባባ፤ ንፋሱ እንዳይመታዎት» ብላ ቁልፉን ራሷ ቆለፈችላቸው፤ ጣቶቿ ሲፈጥኑ ዓይኗ ቀና አላለም። ክፉ ሴት አይደለችም። የልጇን ቀን ምንም ነገር እንዲያበላሽባት አልፈለገችም፤ ነገሩ ይኸው ነው። የልጅ ልጃቸው ጸጉሯን ልትሠራ በጠዋት ወጥታለች።

ትንሿ ልጃቸው በመሥሪያ ቤቷ ፒካፕ መጣች። እሷ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ናት። ይህን ሙያ የመረጠች ጊዜ አባቷ ለሳምንታት አኩርፈዋት ነበር፤ ከዚያ አንድ ቀን ከገበያ ወፍራም ጓንት ገዝተው አምጥተው አልጋዋ ላይ አስቀመጡላት፤ እርቁ በዚያው አለቀ። መኪናው ውስጥ እንደገቡ «ሥራ ቦታዬን ላሳይህ ብዬ ነው አባዬ» አለች፤ እንደሸመደደ ተማሪ። «ጥሩ አደረግሽ» አሏት። ከዚያ ስለ መንገዱ አወሩ፤ ስለ ቆሻሻ መኪናው፣ የቲማቲም ዋጋ እንዴት እንደናረ፣ ጎማ ጠጋኙ ሱቁን ለሞባይል ሻጭ ስለማከራየቱ። መንገዱ ከተማውን ለቆ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ወሬውም አለቀ። የብረት ምሰሶዎቹ በቀኝ በኩል ተራ በተራ ብቅ ማለት ያዙ። ድሮ እያንዳንዱን ያውቁት ነበር፤ የትኛው ላይ ንፋሱ እንደሚበረታ፣ የትኛው ላይ አሞራ እንደሚሠፍር። አሁን ዓይናቸውን አስፋልቱ ላይ ተክለው ተቀመጡ።

የልጅቱ ሥራ ቦታ ኮረብታ ላይ የቆመ ነጭ ኮንቴይነር ነው፤ ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል፤ ከፊት ለፊቱ ገደል የመሰለ ሸለቆ አለ፤ መስመሩ ሸለቆውን በአንድ ዝላይ ይሻገራል። ግቢው መካከል ወገብ ድረስ የሚደርስ ጠረጴዛ የመሰለ ነገር ቆሟል፤ ላዩ ለጥ ያለ ግራጫ ሰሌዳ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ መብራት አለው። ሌላ ምንም የለም። ሽማግሌው የሆነ ትልቅ ማሽን ጠብቀው ስለነበር «ይህ ነው?» ለማለት ከጅሏቸው ተዉት።

ከኮንቴይነሩ ውስጥ ሬዲዮው ይጠራ ነበር። ሌሊቱን የነፈሰው ንፋስ ከሸለቆው ማዶ አንዱ ምሰሶ ላይ የሆነ ነገር አበላሽቷል፤ ታች ያሉት ሰፈሮች መብራት የላቸውም። የጥገና ቡድኑ ምሰሶው ሥር ደርሶ ቆሟል። ልጅቱ ምሰሶዎቹን እየዞረ የሚያይላትን ድሮን፣ ያለ ሰው የሚበር ትንሽ ማሽን፣ ገና ሳትመጣ ከቤቷ ሆና በስልኳ አዝዛ ልካዋለች፤ ንፋሱ ግን ባትሪውን ስለጨረሰው ግማሹን ብቻ አይቶ እየተመለሰ ነው። የቡድኑ አለቃ መጠበቅ ሰልችቶታል። ሰው ላውጣና ልገላገል፣ ሕዝቡ ስልክ እየደወለ ነው አላት። ልጅቱ ሬዲዮውን አፏ ላይ አስጠግታ «ማንም አይውጣ» አለች፤ እቤት ውስጥ ሰምተውባት የማያውቁት ድምፅ ነበር። «ይመለሳል፣ ይበላል፣ መልሼ እልከዋለሁ። እስከዚያ ማንም እግሩን ብረቱ ላይ እንዳያደርግ።»

ድሮኑ ከሸለቆው ጭጋግ ውስጥ ወጣ። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ የተነካ የንብ ቀፎ ዓይነት ድምፅ፤ ቀጥሎ ራሱ መጣ። ንፋሱ ወደ ጎን ሲገፋው እያዘነበለ፣ እየተስተካከለ፣ ደክሞት ቤቱ በር ላይ እንደደረሰ ሰው እያዘገመ ከሰሌዳው በላይ ቆመና ወረደ። ሲያርፍ ትንሽ ጠመመ። ትንሿ መብራት አልበራችም። ሽማግሌው ልጃቸው ሮጣ ታስተካክለዋለች ብለው ጠበቁ፤ እሷ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከታ ቆማለች። ድሮኑ ራሱ ብድግ አለ፤ ጣት ያህል ወደ ግራ ተጠጋና እንቁላሎቿ ላይ እንደምትደላደል ዶሮ ወዘወዝ ብሎ ተቀመጠ። መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ክንፎቹ ቆሙ። ከሰሌዳው ውስጥ እምም የሚል በጣም ቀጭን እምምታ ተሰማ።

«ገመዱን መቼ ነው የምትሰኪው?» አሏት።

«አይሰካም። አሁን እየበላ ነው።»

ሽማግሌው ቀረቡ። ጎንበስ አሉ፤ ኮታቸው ተተኩሶ ነበር፣ ግድ አልሰጣቸውም፤ ጉልበታቸው ጠጠሩ ላይ አረፈ። በድሮኑ ሆድና በሰሌዳው መካከል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ማዶ ያለው አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሰማይ ይታያል። ሽቦ የለም። መሰኪያ የለም። እግሮቹ ፕላስቲክ ናቸው። ከሥር ወደ ላይ አዩ፣ ከጎን አዩ፤ ዞረው በሌላው ጎን መጥተው አዩ። ልጅቱም አጠገባቸው ጠጠሩ ላይ ተቀመጠችና ነገረቻቸው። ሰሌዳው ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ በድሮኑም ሆድ ውስጥ እንደዚያው ሌላ ጥቅል አለ። በታችኛው ጥቅል ውስጥ መብራቱ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ በላይኛው ውስጥ ሌላ መብራት ይቀሰቅሳል፤ ሁለቱ ግን አይነካኩም።

«ትራንስፎርመር ነው በይኛ» አሉ።

«ትራንስፎርመር ነው። ለሁለት የተከፈለ።»

 ዕድሜ ልካቸውን ትራንስፎርመር ማለት ዘይት የጠጣ፣ የታሸገ የብረት ሣጥን ነበር፤ አጠገቡ ሲያልፉ እንደተኛ ውሻ ቀስ ብለው ነው የሚያልፉት። ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ ሳይነካካ እንደሚነጋገር ያውቃሉ፤ ተምረውታል፤ ለፈተናም ጽፈውታል። ዓይተውት ግን አያውቁም። አሁን አንድ ሰው፣ የት እንዳለ የማያውቁት ሰው፣ ሣጥኑን ከፍቶ ለሁለት ከፍሎታል፤ ግማሹን መሬት ላይ ትቶ ለግማሹ ክንፍ ሰጥቶታል። እሳቸውን ከምሰሶ ላይ የጣለው ያ ዘሎ የመጣ ነገር፣ እዚህ በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ድምፁን እንኳ ሳያሰማ ይሻገራል፤ እናት ለሕፃን እንደምትሰጠው ወተት። ከጉልበታቸው ሳይነሡ ክፍተቱን ደግመው አዩት። ልጃቸው ጠጠር እየለቀመች ሌላ ቦታ ማየት መረጠች።

ሬዲዮው ደግሞ ጮኸ። አለቃው አንዱ ልጅ ቀበቶውን አጥልቆ መዘጋጀቱን ነገራት፤ አንድ ደቂቃ ወጥቶ ይወርዳል፤ ደግሞስ ምን ያስፈራል፣ መስመሩ ተዘግቷል ብለውኛል አለ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሡ። የተጎዳው እጃቸው ደረታቸው ላይ ወጥቶ ቀረ። ልጅቱ አባቷን አየች። ከዚያ ለአለቃው፣ ቀስ ብላ፣ ልመናም ቁጣም በሌለበት ድምፅ፣ ድሮኑ አይቶ መልሱ እስኪመጣ ልጁን መኪና ውስጥ እንዲያስገባው ነገረችው።  አለቃው «እሺ» አለ።

ድሮኑ ጠግቦ ተነሣና ሸለቆውን መልሶ ተሻገረ። አባትና ልጅ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብተው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ድሮኑ የሚያየውን ያያሉ፦ ምሰሶው በግራጫ ቀለም እየቀረበ መጣ፤ ስኒ የሚመስሉት የሸክላ መያዣዎች በረድፍ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ረድፍ ተሰብሮ ሽቦው ወርዶ የብረቱን ክንድ ተደግፏል። ልጅቱ አንድ ቁልፍ ነካች፤ ስክሪኑ ሙቀት የሚያይ ዓይን ሆነ። ሁሉም ነገር ጠቆረ፤ ሽቦው ብረቱን የነካበት ቦታ ብቻ እንደ ፍም በራ። ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌላው ቀዝቃዛና ጥቁር ይሆን ነበር። ልጅቱ ሬዲዮውን አነሣች። «መብራት አለው። ምሰሶው ራሱ መብራት ይዟል። ራቁ፣ ሁላችሁም ራቁ፣ መኪናውን ወደ ኋላ አድርጉ።» ከማዶ የሰዎች መሯሯጥ፣ የመኪና በር፣ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አለቃው ተመለሰ። ድምፁ ተቀይሯል። ሁሉም ደህና ነን አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ፣ ልጁ እኮ ቅድም እግሩን አንሥቶ ነበር አለ።

ሽማግሌው ወደ ግቢው ወጡ። ድሮኑ ሲመለስ ቆመው ተቀበሉት። ጠምሞ አረፈ፣ ተነሣ፣ ተስተካከለ፣ ተቀመጠ፤ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች፤ እምምታው ጀመረ። አሁን የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ መስመሩን የሚዘጉት ሰዎች ጋ ተደውሏል፤ እስኪዘጋ ሁሉም ይጠብቃል። ልጅቱ ሁለት ኩባያ ሻይ ይዛ ወጣችና ወሬ ለመቀየር ይመስል ስለ አንዲት ድመት ነገረቻቸው። ሰሌዳው ሞቅ ስለሚል ድመቷ አልጋዋ አድርጋው ነበር፤ ድሮኑ ከላይ እየዞረ እመቤቲቱ እስክትነሣ ይለምናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተብሎ ሰሌዳው ሕይወት ያለው ነገር ሲገባበት ያውቃል፤ ድመትም ይሁን ወፍ ወይም ሰው፣ ከገባ ወዲያው ራሱን ያቆማል።

«ያውቃል?» አሉ ሽማግሌው።

«ያውቃል።»

ሻያቸውን ጠጠሩ ላይ አስቀመጡ። ልጅቱ የሚያደርጉትን የገባት ዘግይታ ነው። ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን፣ ያንን ሦስት ጣቱ የታጠፈውን፣ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው በድሮኑ ሆድና በሰሌዳው መካከል ወዳለው ክፍተት ላኩት።  ጠርዙ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ መላ ሰውነታቸው ያቺን ክንድ የምታህል ርቀት አስታወሰ። ዓይናቸውን ጨፈኑና አስገቡት።

እምምታው ቆመ። አረንጓዴዋ መብራት ብርቱካንማ ሆነች። ንፋሱና የአጥሩ ሽቦ ፉጨት ብቻ ቀረ። ዓይናቸውን ገልጠው አዩ፤ እጃቸው እዚያው ነው፣ ምንም አልሆነም፤ ትንሽ ይሞቃል፣ ፀሐይ እንደነካው ድንጋይ። ቀስ ብለው አወጡት። እምምታው ተመለሰ፣ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። እንደገና አስገቡት። ቆመ። አወጡት። ቀጠለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚያን ቀን ነገር ሲያስቡ የሚያቃጥላቸው ሕመሙ አልነበረም። ያ ኃይል ሲመጣባቸው አንድም ነገር አልጠየቀም፤ ሰው ይሁኑ ብረት፣ የልጆች አባት ይሁኑ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ለእሱ አንድ ነበር። አሁን ቆሞላቸዋል። አንድ ሽማግሌ የጎደለ እጁን ቢዘረጋበት ያ ሁሉ ኃይል ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ እጁ እስኪወጣ ይጠብቃል።

«አወቀኝ» አሉ።

«ሰው መሆንህን ነው የሚያውቀው፣ አባዬ።»

«እሱኑ እኮ ነው የምልሽ።»

ፊታቸው ላይ እንባ ይወርድ ነበር፤ በደህናው ጉንጫቸው በኩል ቀጥ ብሎ፣ በተጎዳው በኩል መንገድ እየፈለገ። ልጅቱ ሻይዋን ይዛ ቆማ ቀረች። ትንሽ ቆይተው ኮታቸውን አራገፉና ወደ ቤት ውሰጂኝ አሏት። ገና እኮ ነው ብላ ጀመረች። «ምሳው ሳያልቅ ውሰጂኝ» አሉ። «ጠዋት ሰምቻችኋለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።» ልጅቱ ፊቷ ቀላ። እምቢ ማለት ነበረብኝ አለች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። አባቷ ግን፣ ባትስማሚ ይህን መቼ አይ ነበር ብለው በግራ እጃቸው ራሷን ዳበሱና ቀድመው መኪናው ውስጥ ገቡ።

እቤት ሲደርሱ ሰዎቹ ምሳ ጨርሰው ፍራፍሬ ላይ ነበሩ። ሽማግሌው በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ጉልበታቸው ላይ የጠጠር አቧራ አለ። ምራታቸው ከአዲሶቹ ብርጭቆዎች አንዱን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ትልቁ ልጃቸው ሳህኑን ማየት ጀመረ። የልጅ ልጃቸው በአዲሱ ጸጉሯ ዘላ ተነሥታ ትከሻቸውን ሳመችና፣ የታመመ ጓደኛው ጋ ሄደ ብለውኝ እኮ አኩርፌህ ነበር አለቻቸው። ሽማግሌው ከትከሻዋ በላይ ልጃቸውን አዩት። «ተሻለው፤ መጣሁ» አሉ። የእጮኛዋ ወላጆች ለሰላምታ ተነሡ። ለወትሮው እንግዳ ሲመጣ ግራ እጃቸውን ነው የሚሰጡት፤ አሁን ቀኙን ዘረጉ። አባትየው ጨበጣቸው። እናትየው ዓይኗ እጁ ላይ አረፈ፤ አልሸሸችም፤ በሁለት እጇ ያዘችውና፣ ቀጥታ፣ አብሮ እንዳደገ ሰው «ያምዎታል?» አለቻቸው።

«ሲበርድ ብቻ።»

ትልቁ ልጃቸው ቀና አለ። ይህን አያውቅም ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ሳህን ቀረበላቸው፤ የቀዘቀዘ ሩዝና የዶሮ ጭን፤ ምራታቸው ላሙቅልዎት ብላ ሁለቴ ብትነሣም እምቢ አሉ። የት እንደዋሉ የጠየቃቸው እጮኛው ነው። ነገሩት። ስለ ሸለቆው፣ ስለ ንፋሱ፣ ጠምሞ አርፎ ራሱን ስለሚያስተካክለው ድሮን፣ መዳፍ በምታህል ባዶ ቦታ ላይ ስለሚሻገረው መብራት፣ ስለ ድመቷም ሳይቀር። ሲናገሩ ሁለቱንም እጃቸውን ያወናጭፉ ነበር፤ አንዱ ሰሌዳው ነው፣ አንዱ ድሮኑ። ማንም ብርቱካኑን አልላጠም። እግሩን ብረቱ ላይ ሊያደርግ ስለነበረው ልጅና «ተዘግቷል ብለውኛል» ስለምትለው የአለቃው ቃል ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ። ቀጥለው እጃቸውን እንዴት እንዳስገቡና እንዴት እንደቆመላቸው ተናግረው ጨረሱ።

መጀመሪያ የተናገረው ከጠረጴዛው ጫፍ ትልቁ ልጃቸው ነበር። ድምፁ እንደ ጠዋቱ ዝቅ ያለ አልነበረም።

«አባዬ» አለ፤ «ያን ቀን... አንተንስ ማን ነበር ተዘግቷል ያለህ? አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩት። በር ላይ ቆሞ አይቷቸው ወደ ጓዳ የገባው ልጅ እዚያ ፊት ውስጥ አሁንም ነበር፤ ጸጉሩ ግን ሸብቷል።

«ወንበርህን ይዘህ ወደዚህ ና» አሉት።

ልጁ ተነሣ። ወንበሩን አንሥቶ በእንግዶቹ ጀርባ ዞረና ከአባቱ በስተቀኝ አስጠግቶ ተቀመጠ።